አንድ አምፕሊፋየር፣ አራት ስፒከር፣ የባሌ ከፍታ

በአንድ አምፕሊፋየር ሳሎኑንም፣ በረንዳውንም፣ ጓሮውንም ድምፅ ማዳረስ ይቻላል። መሣሪያው ሳይቃጠል እንዲያደርገው ግን ከዋት በፊት ኦም መቁጠር ያስፈልጋል።

ስፒከሮች ጀርባቸው ላይ 4፣ 6 ወይም 8 ኦም ተብሎ ይጻፍባቸዋል። ይህ ስፒከሩ የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚቋቋምበት መጠን ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ከአምፕሊፋየሩ የሚስበው ከረንት ይበዛል። ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከሮች ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ ሆነው አንድ መውጫ ላይ ሲታሰሩ 4 ኦም ይሆናሉ። አራት ሲሆኑ ወደ 2 ይወርዳል። ከ4 ኦም በታች እንዳይጫንበት የተሠራ አምፕሊፋየር ይህን አይችለውም፤ ይግላል፣ ይቆራረጣል፣ ሲብስም ትራንዚስተሩ ይቃጠላል። ‹‹ኤ›› እና ‹‹ቢ›› የሚባሉት ሁለት መውጫዎችም መፍትሔ የሚሆኑት አልፎ አልፎ ነው፤ አብዛኞቹ መሣሪያዎች ሁለቱ አብረው ሲከፈቱ ጭነቱን በውስጥ ይደምሩታል።

መፍትሔው ቀላል ነው። የአንዱን ስፒከር ኔጌቲቭ ከሁለተኛው ፖዘቲቭ ጋር አስሮ ጥንድ መሥራት፣ ሌሎቹንም ሁለት እንዲሁ ማጣመር፣ ከዚያ ሁለቱን ጥንዶች ጎን ለጎን አንድ መውጫ ላይ መግጠም። አራቱ ስፒከሮች ተደምረው ተመልሰው 8 ኦም ይሆናሉ።

ይህ ስሌት የትም ያው ነው፤ በባሌ ከተሞች ሮቤና ጎባ ላይ ግን ስህተቱ ቶሎ ያስከፍላል። ሮቤ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፣ ጎባ ደግሞ 2,700 ታልፋለች። አየሩ ከባሕር ጠለል አንጻር ከአምስተኛ እስከ ሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ ሙቀት ተሸክሞ የሚሄደው አየር ያንሳል። የሳኔቲ አምባ ንፋስ ቤቱን ቢያቀዘቅዘውም በቁም ሳጥን የታፈነ፣ ላዩ ላይ ዳንቴል የለበሰ አምፕሊፋየር ውስጡ ይጋያል። ከቻይና በሚመጡ አንዳንድ መሣሪያዎች ጀርባ የተራራ ሥዕልና 2000 ሜትር የሚል ምልክት አለ፤ የደህንነት ፍተሻው ከዚያ በታች ላለ ከፍታ መደረጉን ያሳውቃል። ስለዚህ ዳንቴሉ ይነሣ፤ በላዩና በጎኑም ሰፊ ክፍተት ይተውለት።

ሽቦም ቁም ነገር ነው። ጓሮ ድረስ 10 ሜትር ሲዘረጋ ደርሶ መልሱ 20 ሜትር ነው። በቀጭን የስልክ ሽቦ ከሆነ ከ1.5 ኦም በላይ መንገድ ላይ ይቀራል፤ በባለ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ ግን ሩብ ኦም እንኳ አይሞላም።

አንዱ ስፒከር ተገልብጦ ከታሰረ ቤዙ ይጠፋል፤ አንዱ አየሩን ሲገፋ ሌላው ይስባልና። የፖዘቲቭና የኔጌቲቭ ምልክቱ ከጠፋ አምፕሊፋየሩን አጥፍተው ሽቦውን ይንቀሉና የስፒከሩን ሁለት ጫፎች አንድ የሬዲዮ ድንጋይ ለቅጽበት ያስነኩ። የስፒከሩ ወረቀት ወደ ውጭ ከዘለለ የድንጋዩ ፖዘቲቭ የነካው ጫፍ ፖዘቲቩ ነው።

አምፕሊፋየር ሊገዙ ሲሄዱ ደግሞ ዋጋውን ከመጠየቅዎ በፊት ጀርባውን አዙረው የሚችለውን ዝቅተኛ ኦም ያንብቡ።