የተጠረገው ቅጠል

ሐምሌ ላይ ኮልፌ ውስጥ ከትንሹ አቃቂ ድልድዮች በአንዱ ቆሞ ቁልቁል ያየ ሰው፣ ውሃው እንደ ማኪያቶ ደፍርሶ ያገኘዋል። ቀለሙ ከወጨጫ ተዳፋትና ከከተማው ቁፋሮ የታጠበ አፈር ነው። ማረፊያው አባ ሳሙኤል ነው፤ ይህ አንጋፋ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ደለል አስቸግሮት ለአሥርት ዓመታት ቆሞ፣ ታድሶ ሥራ የጀመረው በ2009 ዓ.ም ነበር።

መፍትሔው ሲጠየቅ ሁሌም የሚሰማው «ዛፍ እንትከል» ነው። እንትከል። ግን ኮረብታው ዛፍ አላጣም፤ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ከተማዋን ከማገዶ እጦት ያዳነው ባሕር ዛፍ ከእንጦጦ እስከ ወጨጫ ቆሟል። ከሩቅ ለምለም ነው። ጠጋ ሲሉ ግን ብዙ ቦታ ሥሩ ራቁቱን ነው። ባሕር ዛፍ ከሥሩ ላለው ሣር ውሃ አይተርፈውም፤ የረገፈው ቅጠልም ለእንጀራ መጋገሪያ ይጠረጋል። ጠራጊዋን አልወቅስም። ምጣዱን የሚያግል ሌላ ነገር ሳይሰጧት «ቅጠሉን ተዪው» ማለት ቀልድ ነው።

የክረምት ጠብታ ራቁት አፈር ላይ ሲያርፍ ቅንጣቱን ይበትናል፤ ደቃቁ የመሬቱን ቀዳዳ ይደፍናል፤ መስረጊያ ያጣ ውሃ ቁልቁል ሲሮጥ መሬቱን ይቦረቡራል። ከረጅም ዛፍ ቅጠል ላይ ተጠራቅሞ የሚወድቅ ጠብታ እንዲያውም ከዝናቡ ሊከብድ ይችላል። ምቱን የሚያበርደው መሬት ላይ የተኛው ቅጠልና ሣር ነው። ሣር የጎርፉን ሩጫ ይገታል፤ የዘገየ ውሃ አፈሩን፣ ከአፈሩ ጋር የተጣበቀውንም ፎስፈረስ እዚያው ያራግፋል። የቀረው ውሃ ሥርና ትል በከፈቱት ቀዳዳ ሰርጎ በበጋ ምንጭ ይሆናል።

ሣር ግን ሁሉን አያጠራም። የቆዳ ፋብሪካ ክሮም ወይም ከቆሼ የቆሻሻ ክምር የሚወርድ ፍሳሽ በሣር የሚመለስ ነገር አይደለም፤ እሱን መያዝ ከመነሻው ነው።

ከ2011 ዓ.ም ወዲህ በየክረምቱ ችግኝ ይቆጠራል፤ ሣር ሲቆጠር ሰምቼ አላውቅም። ችግኝ ሊተከል ሲባል ተዳፋቱ ላይ የነበረው ሰርዶ ሲመነጠር ግን አይቻለሁ። በአማራና በትግራይ ተራሮች የታወቀው ክልከላ የሚሠራው በተቃራኒው ነው፦ ከብት አይገባም፣ ሣሩ ታጭዶ ይወሰዳል፣ ሥሩ ይቀራል። ለወንዙ ዳርቻም ከዚህ ያነሰ ወጪ የሚጠይቅ ሥራ አይታየኝም።