የሃይማኖቶች ጥናት ከመደርደሪያ ወደ ሰፊው ሕዝብ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ደቅ የሚጓዝ ሰው በጣና ላይ ሁለት ታሪክ ያነባል። አንደኛው በቀለም የተጻፈ ነው። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት ያሠሯት የናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን፣ እቴጌይቱን ከእመቤታችን ሥዕል እግር ሥር ተደፍተው ታሳያለች። ሁለተኛው በደንገል የተሠራ ነው። በታንኳ ሥራ ስማቸው ከሐይቁ ጋር የተሳሰረው የነገደ ወይጦ ተወላጆች እስልምናን ቢቀበሉም፣ ጉማሬ እያደኑ ይበሉ ስለነበር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጎረቤት ለዘመናት ሲያገልላቸው ኖሯል። እቴጌይቱ ሥዕል ተረፋቸው፤ ለታንኳ ሠሪው ግን የተረፈው ስድብ ነበር።

ሃይማኖት የምግብ ሥርዓት ሊያወጣ ይችላል። ሠርቶ አዳሪውን ከማዕድና ከጋብቻ ማራቅ ግን የኅብረተሰብ ሥራ ነው። የኅብረተሰብ ሥራ ደግሞ በኅብረተሰብ ይታረማል።

የገዥዎች እምነት፣ የሕዝብ ዕዳ

ከደቅ አጠገብ በምትገኘው በዳጋ እስጢፋኖስ የአፄ ፋሲለደስ አስከሬን ይገኛል። አባታቸው አፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በአዋጅ በሕዝቡ ላይ ሲጭኑ አገር ታመሰ። በ1624 ዓ.ም. በወይና ደጋ ጦርነት በሺህ የሚቆጠር ሰው ካለቀ በኋላ አዋጁ ተሻረ፤ ዘውዱም ለልጃቸው ተላለፈ። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ደግሞ የወሎ ሙስሊም በአፄ ዮሐንስ አራተኛ ትእዛዝ እንዲጠመቅ ተገደደ። በሁለቱም ጊዜ የወሰነው ቤተ መንግሥት ነው፤ የሞተውና የተሰደደው ግን ገበሬው ነው።

የሌላውን መጽሐፍ የከፈቱ

ዳሩ ግን ታሪካችን የሰይፍ ብቻ አይደለም። በ16ኛው መቶ ዓመት የኖሩት እጨጌ ዕንባቆም ከየመን የመጡ፣ ቀድሞ ሙስሊም የነበሩ የደብረ ሊባኖስ አለቃ ናቸው። ለኢማም አሕመድ በጻፉት «አንቀጸ አሚን» ቁርኣንን እየጠቀሱ ተከራከሩ። ዓላማቸው የራሳቸውን እምነት ማስረዳት ቢሆንም፣ የሌላውን መጽሐፍ ሳያነቡ አልተናገሩም። እ.አ.አ. በ1553 ደግሞ «በራላም ወየዋሴፍ»ን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መለሱ። የዚህ መጽሐፍ ሥረ መሠረት የቡድሃ የሕይወት ታሪክ ነው። እንግዲህ የቡድሃ ታሪክ በሙስሊም ቋንቋ አልፎ በክርስቲያን ገዳም ተነበበ ማለት ነው!

በዘመናችንም ታደሰ ታምራት የቤተ ክርስቲያንንና የመንግሥትን ግንኙነት፣ ሁሴን አሕመድ የወሎን እስልምና ለዶክትሬት አጥንተዋል። ፊተኛው በለንደን፣ ኋለኛው በበርሚንግሃም ቢመረቁም፣ ሁለቱም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ትምህርት ክፍል አስተምረዋል። ይሁን እንጂ ጥናታቸው በእንግሊዝኛ የተጻፈ በመሆኑ የወዝ አደሩና የገበሬው እጅ በቀላሉ አይደርስበትም። ችግሩ የዕውቀት ማነስ ብቻ ሳይሆን የዕውቀት በጥቂቶች እጅ መቅረት ጭምር ነው።

እኩልነት በአዋጅ ብቻ አይጸናም

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሙ ለእኩልነት በአዲስ አበባ አደባባይ ሲወጣ ክርስቲያኖችም አብረውት ተሰልፈዋል። ከአብዮቱ በኋላም የሙስሊሙ በዓላት የአገር በዓላት ሆኑ። ይህ የሕዝብ ድል ነው። ነገር ግን እኩልነትን ያወጀው መንግሥት ራሱ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ፓትርያርኩን አቡነ ቴዎፍሎስንና የመካነ ኢየሱሱን ቄስ ጉዲና ቱምሳን ገደለ። ይህን ሸፍኖ ስለ እኩልነት መጻፍ ሐሰት ይሆናል።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞጣ መስጊዶችና የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆች ተቃጠሉ። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. በጎንደር በቀብር ላይ በተነሣ ግጭት የሰው ሕይወት ጠፋ። ሁለቱም ከተሞች ሊቃውንት ያላነሷቸው ናቸው። የጎደለው ግን በሊቁና በሰፈሩ መካከል ያለው ድልድይ ነው።

ስለዚህ የሃይማኖቶችን ታሪክ በዩኒቨርሲቲ የሚያጠና ምሁር ያጠናውን በአማርኛ ጽፎ ወደ ቀበሌው፣ ወደ ዕድሩና ወደ ፋብሪካው ይዞ ይውረድ። የቀበሌ ማኅበርተኛውም ካህኑንና ሼሁን፣ ታንኳ ሠሪውንም ጭምር በአንድ ሸንጎ ያስቀምጥ። ወሬ ሲናፈስ «ማን አየ? ማንስ ይጠቀማል?» ብሎ ይጠይቅ። ከእሳት በፊት የተጠየቀ ጥያቄ ከእሳት በኋላ ከሚለቀስ ለቅሶ ይበልጣልና።

በጣና ላይ ማዕበል ሲነሣ ታንኳ የተሳፋሪውን ሃይማኖት አይለይም። አብረን ተሳፍረናል፤ አብረን እንቅዘፍ!