ከመርፌው በፊት የድምፅ ቅኝት

ዛሬ በቤተሰብ ዓምዳችን የምናነሣው ጉዳይ በብዙ ቤት በዝምታ የሚያዝ ነው። አንዲት ሴት በጡቷ ላይ እብጠት በዳሰሰች ጊዜ ለባሏ መንገር ታፍራለች፤ ወደ ሐኪም መሄድም ትፈራለች። ፍርሃቱ የሚመነጨው እብጠት ሁሉ ነቀርሳ፣ ምርመራ ሁሉ ቢላዋ ነው ከሚል እምነት ነው። ይህ እምነት ግን ከእውነት የራቀ ነው።

በጡት ላይ ከሚገኙት እብጠቶች አብዛኞቹ ነቀርሳ አይደሉም። ከፊሎቹ ውሃ የቋጠሩ ከረጢቶች ናቸው፤ ከፊሎቹም በተለይ በወጣት ሴቶች ላይ የሚታዩና ወደ ሌላ አካል የማይዛመቱ እጢዎች ናቸው። ችግሩ ደኅናውን ከክፉው በእጅ ዳሰሳ ብቻ ለይቶ ማወቅ አለመቻሉ ነው። ስለዚህም ሐኪሞች በመርፌ ወይም በቢላዋ ናሙና ወስደው በማይክሮስኮፕ ይመረምራሉ። ውጤቱ ደኅና ሲሆን ደስታ ነው፤ ሆኖም ሴቲቱ ሕመሙንና የጥበቃውን ጭንቀት ተሸክማለች።

ይህን ሸክም ለማቃለል የተጀመረው ጥረት መነሻው ወታደራዊ መሣሪያ መሆኑ ለእኛ ልዩ ትርጉም አለው። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ጆን ዋይልድ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ ሲሠራ፣ የባሕር ኃይል አብራሪዎች የራዳር ንባብ ይለማመዱበት የነበረውን መሣሪያ ለሕክምና ምርምር አዋለው። መሣሪያው በሰከንድ 15 ሚሊዮን ጊዜ የሚርገበገብ፣ ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ይልካል። ድምፁ ከአካል ውስጥ እንደ ገደል ማሚቶ ሲመለስ ያገኘውን ይናገራል። ዋይልድና መሐንዲሱ ጆን ሪድ የጡት እብጠቶችን በዚህ ዘዴ መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1952 አሳተሙ።

ሁለተኛው እርምጃ ጥንካሬን መለካት ነበር። ነቀርሳ ብዙውን ጊዜ በዙሪያው ካለው ሥጋ ይጠነክራል። እ.ኤ.አ. በ1991 ጆናታን ኦፊርና ባልደረቦቹ በቴክሳስ፣ ሥጋ በጥቂቱ ሲጫን ምን ያህል እንደሚሰርጉድ በአልትራሳውንድ የሚለካውን ዘዴ አቀረቡ። ኋላ የመጡት መሣሪያዎች ደግሞ በሥጋው ውስጥ ሞገድ አስነሥተው ፍጥነቱን ይለካሉ፤ ሥጋው በጠነከረ መጠን ሞገዱ ይፈጥናል።

የእብጠቱን ቅርጽና ጠርዝ ማንበብም ከፍተኛ ጥቅም እንዳለው ተረጋግጧል። እ.ኤ.አ. በ1995 ቶማስ ስታቭሮስና ባልደረቦቹ በአሜሪካ 750 ጠጣር እብጠቶችን በአልትራሳውንድ መርምረው ከናሙናው ውጤት ጋር አመሳከሩ። ነቀርሳ ከሆኑት 125 መካከል 123ቱን በትክክል ለዩ።

ያመለጡት 2 መሆናቸው ግን ሊዘነጋ አይገባም። ቅኝት የግዳጁን መንገድ ያሳጥራል እንጂ ግዳጁን አይተካም። አልትራሳውንድም ናሙና የማያስፈልጋትን ሴት ከመርፌ ያድናል፤ ጥርጣሬ ሲኖር ግን ሐኪሙ ናሙና እንውሰድ ካለ እንቢ ማለት አይገባም።

እኅታችን ሆይ፣ እብጠቱ አላመመኝም ብለሽ አትዘናጊ፤ ነቀርሳ ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምም። አንተም ወንድማችን፣ ባለቤትህ ይህን ስትነግርህ ፊትህን አታጥቁር። አብረሃት ወደ ሐኪም ሂድ፤ ግዳጅ ላይ ከሆንክም ሳትዘገይ እንድትሄድ ጻፍላት። በጊዜ የተያዘ ነቀርሳ የመዳን ተስፋው ሰፊ ነው፤ ደኅና የሆነውም እብጠት ቢሆን ደኅናነቱ የሚታወቀው ሲመረመር ነው።