የይለፍ ቃልን የሚያጣራው የትኛው ሰርቨር ነው?

የቢሮ ሠራተኛ ስሙንና የይለፍ ቃሉን ኮምፒውተር ላይ ሲያስገባ፣ ትክክለኛነቱን የሚያጣራው ሰርቨር የተባለው ዋና ኮምፒውተር ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ከወጣው ዊንዶውስ 2000 ወዲህ፣ የኔትወርኩ ኃላፊ የየቢሮውን ኮምፒውተሮች የአድራሻ ቁጥር ለይቶ ከመዘገበ፣ የካርቱም ኮምፒውተር በቅድሚያ የካርቱምን ሰርቨር ይጠይቃል። ካልመዘገበ ግን ጥያቄው ሩቅ አገር ወዳለ ሰርቨር ሊሄድ፣ እናንተም ወረፋ ላይ ልትቆዩ ትችላላችሁ።

ሆኖም አንድ ሰርቨር ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ካርቱም ውስጥ ጦርነት ሲነሳ ብዙ ቢሮዎች መዘጋታቸውን እናስታውሳለን። በሌላ ከተማ ሁለተኛ ሰርቨር ካለና መስመሩ ካልተቋረጠ፣ የገዳሪፍ ሠራተኛ ሥራውን ይቀጥላል፤ ባለጉዳዩም ሳይስተናገድ አይመለስም። ስለዚህ የቅርቡ ይቅደም፣ የሩቁም ለክፉ ቀን ይኑር እንላለን።