የሥራ ልምድ ነጥብ፦ የሠራነውን እናስጽፍ፣ ያልሠራነውን እንተው

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ከአሌክሳንድሪያ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ መጣ። ጆርጂያ አቬኑ አካባቢ ካለ የሐበሻ ካፌ ቁጭ ብለን ማኪያቶ አዘዝን። ስለ ቤተሰብም ስለ አገር ቤትም ካወራን በኋላ ላፕቶፑን ከፍቶ አንድ ደብዳቤ አሳየኝ። ደብዳቤው በእኔ ስም የተጻፈ ነው። የቀረው ፊርማዬ ብቻ ነበር።

«ሦስት ዓመት በአንተ ሥር ሠርቷል ነው የሚለው። ሁለቱን ሠርቻለሁ፤ አንዷን ደግሞ ያው ታውቃለህ» አለኝ ሳቅ ብሎ።

አውቃለሁ። አዲስ አበባ በአንድ አነስተኛ የሶፍትዌር ድርጅት እኔ የቡድን መሪ፣ እሱ ፕሮግራመር ሆነን ከሐምሌ 2011 እስከ ሐምሌ 2013 ዓ.ም. አብረን ሠርተናል። ጎበዝ ልጅ ነው። ከዚያ ድርጅቱ ተዘጋ። እኔ ለማስተርስ ወጣሁ፤ እሱ ወደዚህ እስኪመጣ ድረስ መርካቶ የአጎቱን የግንባታ ዕቃ ሱቅ ሒሳብ ሲይዝ ቆየ። ደብዳቤው ላይ «ሦስተኛ ዓመት» ሆና የገባችው ያቺ የሱቅ ጊዜ ናት።

ልጁ ለምን እዚህ እንደደረሰ ይገባኛል። ዘንድሮ ማስተርሱን ጨርሶ በኦፒቲ ሥራ ከጀመረ አራት ወሩ ነው። ኤች ዋን ቢ በዓመት 85,000 ብቻ ነው፤ 65,000 ለሁሉም፣ 20,000 ደግሞ እዚህ አገር ማስተርስና ከዚያ በላይ ለተማሩ። ከዚያ በኋላ ያለው ዕጣ ነው። በ2025 መስከረም ወር ደግሞ የ100,000 ዶላር ክፍያ ታወጀ። እዚሁ ሆነው ቪዛ የሚቀይሩ ተማሪዎችን እንደማይመለከት በኋላ ቢገለጽም የሰው ልብ አላረፈም። ስለዚህ ብዙዎቻችን ወደ ሰሜን እናያለን። እኔም በመጀመሪያው ዕጣ ሳልወጣ ስቀር፣ በ2023 የካናዳ ማመልከቻ አዘጋጅቼ ነበር። ኋላ እዚሁ ስለተሳካልኝ ቀረሁ እንጂ ሒሳቡን ጥርሴን ነቅዬበታለሁ።

ካናዳ ከ2015 ጥር ጀምሮ ባለሙያዎችን የምትመርጠው ኤክስፕረስ ኢንትሪ በሚባለው ሥርዓት ነው። ከውጭ ለሚያመለክት ባለሙያ ሁለት በር አለው። የመጀመሪያው ከ100 ቢያንስ 67 ማምጣት ነው። በዚህ ውስጥ የሥራ ልምድ እስከ 15 ነጥብ ይይዛል፦ አንድ ዓመት 9፣ ሁለትና ሦስት ዓመት 11፣ አራትና አምስት ዓመት 13፣ ስድስትና ከዚያ በላይ 15። ሁለተኛው በር ከሌሎች አመልካቾች ጋር የምትወዳደርበት፣ ከ1,200 የሚታሰበው የደረጃ ነጥብ ነው። ሰው ደብዳቤ የሚያስረዝመው በሁለቱም በር ይጠቅመኛል ብሎ ነው። ግን ስንቱ ቁጭ ብሎ አስልቶታል?

እኛ እዚያው ካፌ ውስጥ፣ በናፕኪን ላይ አሰላነው። የእንግሊዝኛ ፈተናው አይኤልትስ ነው። በማዳመጥ 8፣ በማንበብና በመናገር 7 አምጥቷል፤ በመጻፍ ግን 6.5 ሆነበት። በካናዳ የቋንቋ መለኪያ ሦስቱ ደረጃ 9 ናቸው፣ መጻፍ ግን 8 ላይ ቀረ። ከውጭ አገር የሥራ ልምድና ከቋንቋ ጥምረት የሚገኘው ነጥብ ደግሞ እንዲህ ነው፦ አንዱ የቋንቋ ክፍል ከ9 በታች ከሆነ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ልምድ 13 ነጥብ፣ ሦስትና ከዚያ በላይ 25 ነጥብ ያስገኛል። ስለዚህ የውሸቷ ዓመት የምትጨምርለት 12 ነጥብ ነው። በመጀመሪያው በር ደግሞ ሁለትና ሦስት ዓመት እኩል 11 ስለሆኑ ምንም አትጨምርም።

አሁን ደግሞ መጻፉን 7 ቢያደርሰውስ? ያላገባ ስለሆነ ለመጻፍ ብቻ 8 ነጥብ ያገኛል። የማስተርሱና የቋንቋው ጥምረት ከ25 ወደ 50 ያድጋል። የሁለት ዓመት ልምዱና የቋንቋው ጥምረት ከ13 ወደ 25 ይወጣል። ድምሩ 45 ነጥብ ነው፤ ያውም በሁለት እውነተኛ ዓመት። ለግማሽ ነጥብ የድርሰት ልምምድ 45፣ ለአንድ ዓመት ውሸት 12። በዚያ ላይ አሁን የጀመረው ሥራ ከቀጠለ ከስምንት ወር በኋላ ሦስተኛውን ዓመት በእውነት ይሞላዋል። ልደቱ ሲመጣ በዕድሜ አምስት ወይም ስድስት ነጥብ ይቀነስበታል፣ እሱ እውነት ነው። ቢሆንም ሒሳቡ ወደ እውነቱ ያደላል።

ናፕኪኑን አየት አደረገና «ሰው ሁሉ እኮ ያደርገዋል» አለ።

ሰው ሁሉ ባያደርገውም የሚያደርግ እንዳለ አውቃለሁ። ይህ ሥርዓት ሰውን የሚያታልለው መጀመሪያ ነጥቡን ራስህ ስለምትሞላ ነው። ፕሮፋይሉን ስትከፍት ደብዳቤ የሚጠይቅህ የለም። ቁጥሩን ትሞላለህ፣ ነጥቡ ይወጣልሃል፣ ደስ ይልሃል። ግብዣ ከመጣ በኋላ ግን 60 ቀን ይሰጥሃል፤ ያልከውን ሁሉ በወረቀት ማሳየት አለብህ። ማሳየት ካልቻልክ ይወድቃል። ውሸት ሆኖ ከተገኘ ደግሞ በካናዳ የኢሚግሬሽን ሕግ አንቀጽ 40 መሠረት ለአምስት ዓመት በር ይዘጋብሃል። የቪዛ ሠራተኛው ደብዳቤው ላይ ባለው ስልክ ሊደውል ይችላል። ያ ስልክ የእኔ ነው። እኔ ያላየሁትን ዓመት አየሁ ብዬ እንዴት እመልሳለሁ? ወንድሜን የምጠቅም መስሎኝ አምስት ዓመት ባስዘጋበትስ?

«ሁለቱን ዓመት ግን ዛሬ ማታ ጽፌ እፈርምልሃለሁ» አልኩት። ቀዝቀዝ ብሎ ተለያየን። ለሦስት ሳምንት ስልኬን አላነሳም። እንዲህ ዓይነት ነገር በእኛ መካከል ቀላል አይደለም። ይሉኝታው አለ፣ «ትንሽ ነገር ለምኜው እምቢ አለኝ» የሚለው ወሬ አለ።

የእኛ ሰው ዋናው ችግር ግን ውሸት አይደለም ባይ ነኝ። የሠራነውን በትክክል አለማስጻፍ ነው። አገር ቤት መሥሪያ ቤት ስንለቅ የምንቀበለውን ደብዳቤ አስታውሱ። «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ ይጀምራል፣ የሥራ መደቡንና ደመወዙን ይጠቅሳል፣ «በመልካም ሥነ ምግባር» ማገልገላችንን ይመሰክራል፣ ክብ ማህተምና ቲተር ያርፍበታል፤ አለቀ። ሕጉም የሚጠይቀው ከዚህ ብዙ አይበልጥም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 12 አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ካናዳ ግን በዚያ ላይ ሁለት ነገር ትጨምራለች፦ በሳምንት ስንት ሰዓት ሠራህ? ዕለት ተዕለትስ ምን ትሠራ ነበር? መለኪያዋ በሳምንት 30 ሰዓት፣ በዓመት 1,560 ሰዓት ነው። እኛ አገር ቅዳሜን ጨምረን ከዚያ በላይ ስንሠራ ኖረን፣ ሰዓቱ ግን ደብዳቤው ላይ የለም። «ሲኒየር ኦፊሰር» የሚል ማዕረግ ብቻውን የትኛው ሙያ ውስጥ እንደሚመደብ አይናገርም። የሚታየው የሥራው ዝርዝር ነው።

ሌላው የዘመን አቆጣጠር ነው። የመጀመሪያው መሥሪያ ቤቴ የሰጠኝ ደብዳቤ «ከሐምሌ 1 ቀን 2006 ዓ.ም. ጀምሮ» ይላል። በፈረንጆቹ ጁላይ 8 ቀን 2014 ማለት ነው። ተርጓሚው ወሩን ጁላይ አለና 2006ን እንዳለ ተወው። በዚያ ትርጉም መሠረት እኔ በ15 ዓመቴ የሶፍትዌር ባለሙያ ሆኛለሁ! ሲያዩት ያስቃል፤ ሳላየው ልኬው ቢሆን ግን ያስለቅሰኝ ነበር። አንድ ሰው እውነቱን ይዞ ውሸታም የሚመስለው እንዲህ ነው። በነገራችን ላይ ትርጉሙን አመልካቹም ሆነ የቤተሰቡ አባል መሥራት አይችልም። «እህቴ እንግሊዝኛ ትችላለች» አይሠራም።

ልምድ ደግሞ ጊዜው ያልፍበታል። የሚቆጠረው ከማመልከቻው በፊት ባሉት 10 ዓመታት ውስጥ የተሠራው ነው። ከአሥር ዓመት ገደማ በፊት አዲስ አበባ የሠራነው ሥራ፣ ደብዳቤው መሳቢያ ውስጥ ቢኖርም፣ በየወሩ እየተሸረፈ ነው።

ድርጅቱ የተዘጋበትስ ሰው? እንደ ጓደኛዬ ማለት ነው። ደብዳቤ ማግኘት ያልቻለ ሰው ምክንያቱን ጽፎ ሌላ ማስረጃ ማቅረብ ይችላል። የቅጥር ውል፣ የደመወዝ ወረቀት፣ ደመወዝ የገባበት የባንክ መግለጫ፣ የጡረታ መዋጮና የገቢ ግብር ማስረጃ ይሆናል። የቀድሞ አለቃ ወይም ባልደረባ ቃልም ያግዛል። ባንኩን አገር ቤት ያለ ዘመድ እንዲያስጨርስላችሁ ከፈለጋችሁ ዋሽንግተን ኢንተርናሽናል ድራይቭ ካለው ኤምባሲያችን ውክልና ማዘጋጀት ይቻላል። ይህን ግን ግብዣው መጥቶ 60 ቀን መቁጠር ሲጀምር ሳይሆን ዛሬ ነው መጀመር።

«እኔ ካናዳ አልሄድም» የምትሉም አትዝናኑ። የአሜሪካ ግሪን ካርድ በነጥብ ባይሆንም፣ አሠሪ በኢቢ 2 ወይም በኢቢ 3 ሲያመለክትላችሁ ሥራው የሚጠይቀውን ልምድ የቀድሞ አሠሪ ደብዳቤ እንዲያረጋግጥ ይፈለጋል፤ የሥራውን ዝርዝር ጨምሮ።

ስለዚህ አገር ቤት ቡድን የመራን ሰዎች አንድ ዕዳ ያለብን ይመስለኛል። አብሮን የሠራ ልጅ እውነተኛ ደብዳቤ ሲጠይቀን «ምን አገባኝ» ብለን መሸሽ የለብንም። ሰዓቱን፣ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ሥራውን አንድ በአንድ እንጻፍለት። ያልሠራውን ሲጠይቀን ደግሞ እምቢ እንበል። ዛሬ በውሸት የፈረምንለት ደብዳቤ ነገ እውነተኛ ደብዳቤ ይዞ ከአዲስ አበባ የሚያመለክተውን ልጅ ያስጠረጥረዋል።

ባለፈው እሑድ ስልኬ ጮኸ። እሱ ነበር። ስለ ደብዳቤው አላነሳም። «መጻፉን ልደግመው ተመዘገብኩ፤ ሁለት ድርሰት ጽፌያለሁና እስቲ እየው» ብሎ ላከልኝ። ከሥር ደግሞ «ሰዓቱን በሳምንት 44 ብለህ ጻፍ፣ ቅዳሜ ግማሽ ቀን እንገባ ነበር እኮ» ይላል።

ልክ ነው፣ እንገባ ነበር። እሱን ረስቼው ነበር። ጻፍኩት፣ ፈረምኩለት።