ምድጃን መርጦ መግዛት ማገዶም ጉልበትም ያድናል

እንጅባራ፤ በአዊ ዞን ዲከረንስ የተባለው የግራር ዝርያ ለብዙ ገበሬ የገቢ ምንጭ ሆኗል። ከሰሉ እስከ አዲስ አበባ ገበያ ይደርሳል። ይሁን እንጂ በየማድ ቤቱ እንጀራ በሦስት ጉልቻ ሲጋገር አብዛኛው ሙቀት በከንቱ ይባክናል፤ ጭሱም የእናቶችንና የሕፃናትን ዓይንና ሳንባ ይጎዳል።

በ1980ዎቹ ዓ.ም. በአገራችን ተሠርቶ የተሠራጨው «ምርጥ» የተባለው የሲሚንቶ ምድጃ እሳቱን ዙሪያውን ስለሚከልል፣ ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ፍጆታ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ከኋላው በሚወጣው ሙቀትም ወጥ ይሠራበታል።

ገዢው በቅድሚያ የቤቱን ምጣድ ስፋት ይለካ። ምጣዱ ከምድጃው ጠርዝ ጋር ካልገጠመ ነበልባሉ በጎን ያመልጣል። የተሰነጠቀ ወይም በጣት ሲፈተግ የሚፈረፈር ምድጃ አይገዛ። ሲተከል መሬቱ ይደልደል፤ መገጣጠሚያዎቹ በጭቃ ይመረጉ። እንጨቱም የደረቀና በቀጭኑ የተፈለጠ ይሁን።

የገበሬ ማኅበራት መሪዎች አንድ ምድጃ በማኅበሩ ግቢ አስተክለው፣ እኩል የተመዘነ እንጨት በጉልቻውና በምድጃው እንዲነድ ቢያደርጉና በየትኛው ብዙ እንጀራ እንደተጋገረ በእናቶች ፊት ቢያስቆጥሩ፣ ከብዙ ስብሰባ ይልቅ ያስተምራል። ከምድጃው የተረፈው እንጨት ለገበያ የሚውል ሀብት ነው።