መኪናው ቆሞ ሞተሩ የማይጠፋው ስለ ምንድን ነው?

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው አውራ ጎዳና በሐይቅና በአምባሰል ውስጥ በውጫሌ ስለሚያልፍ፣ የጭነት መኪና ነጂዎች በእነዚህ ከተሞች ለምሳና ለሻይ ይቆማሉ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ሞተሩን ሳያጠፉ ወደ ምግብ ቤት ይገባሉ። ጢሱ ግን በመንገድ ዳር ተቀምጠው በሚሸጡት ሴቶችና ከትምህርት ቤት በሚመለሱት ሕፃናት ላይ ይወርዳል። ምክንያቱን ሳይመረምሩ ነጂውን መውቀስ አይጠቅምም፤ ምክንያቱን ያወቀ ሰው ግን በመልካም ቃል ለማስረዳት ይችላል።

የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር በካንዴላ ብልጭታ አይነሣም። ጀርመናዊው ሩዶልፍ ዲዝል በ1889 ዓ.ም. ሠርቶ ባሳየው ዘዴ፣ በሲሊንደር ውስጥ ያለው አየር በኃይል ሲታመቅ ይግላል፤ የሚረጨውም ናፍጣ በዚያ ግለት ይቀጣጠላል። ስለዚህ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ፣ አየሩም እንደ ደጋ አገር የሳሳ ሲሆን፣ ማስነሣቱ ያስቸግራል። ባትሪው ወይም ሞተሪኖው የደከመበት ነጂ «ካጠፋሁት አይነሣልኝም» ብሎ ይሠጋል። ሁለተኛም የከባድ መኪና ፍሬን በታመቀ አየር ስለሚሠራ፣ አየሩ ከጎደለ ሞተሩ እየሠራ እስኪሞላው ድረስ መኪናው መንቀሳቀስ አይገባውም። ሦስተኛም ቱርቦ ያለው ሞተር ዳገት ወጥቶ እንደ ቆመ ወዲያው ቢጠፋ፣ የጋለው ቱርቦ ዘይት ይቋረጥበትና ይጎዳል።

እነዚህ ምክንያቶች እውነትነት አላቸው፤ የሚጠይቁት ጊዜ ግን አጭር ነው። ቱርቦው እንዲበርድ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይበቃል። የፍሬኑም አየር ለመነሣት ሲታሰብ በጥቂት ደቂቃ ይሞላል። የደከመ ባትሪ በጋራዥ ይታደሳል እንጂ ሞተሩን ቀኑን ሙሉ በማሠራት አይድንም። ከዚህ የተረፈው ሁሉ ልማድ ነው፤ ልማዱም ኪሳራ አለው። ከባድ መኪና ቆሞ ሲሠራ በሰዓት 3 ሊትር ያህል ናፍጣ በከንቱ ያቃጥላል።

ከገንዘቡ የሚበልጠው የጤና ጉዳት ነው። የናፍጣ ጥላሸት እጅግ የደቀቀ ስለሆነ አፍንጫ አያግደውም፤ እስከ ሳንባ ውስጥ ይዘልቃል። አስም ያለበትን ሰው ያስጨንቃል፤ የልብ ሕመምንም ያባብሳል። የዓለም የጤና ድርጅት የነቀርሳ ምርምር ክፍል በ2004 ዓ.ም. የናፍጣ ጢስ የሳንባ ነቀርሳ እንደሚያመጣ አስታውቋል። ሕፃናት ከአዋቂዎች ይልቅ ፈጥነው ስለሚተነፍሱ ጉዳቱ ይብስባቸዋል። በጋቢና ውስጥ የሚያንቀላፋው ረዳትም ከዚህ አያመልጥም።

እንግዲህ መምህራን ተማሪዎቻቸው በሚሠራ መኪና ማርሚታ አጠገብ እንዳይቆሙ ያስተምሩ። የምግብ ቤት ባለቤቶችም መኪናዎች ከበርና ከመስኮት ርቀው እንዲቆሙ ቦታ ያመልክቱ። ነጂው ወርዶ እጁን ሲታጠብ «ወንድሜ፣ ሞተሩ በርዶ ከሆነ ምሳህን እስክትበላ ብታጠፋልን» ብሎ በአክብሮት መለመን ለማንም አያሳፍርም።